ኒክል የማታልፍበት ቀዳዳ

ዳላስና ፎርትዎርዝ አካባቢ ያለ የሐበሻ ወላጅ ልጁ ኢንጂነሪንግ ሲገባለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ጂፒኤውን ነው። አይፈረድበትም፤ ስኮላርሺፑም የሚቆየው በእሱ ነው። አርሊንግተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግን ማንም ውጤት የማይሞላበት ሌላ ትምህርት አለ። ማስተማሪያው ባለ አንድ ወንበር፣ ጣሪያ አልባ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው የውድድር መኪና ናት። ነድፈው የሚሠሯትም ተማሪዎቹ ናቸው።

ውድድሩ ፎርሙላ ኤስኤኢ ይባላል። በዚህ ስም የተጀመረው እዚያው ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የአርሊንግተኑን ቡድን ፕሮፌሰር ሮበርት ዉድስ በ1982 መሠረቱት፤ ከዚያ ወዲህ ዋንጫ ደጋግመው ካነሱት አንዱ ሆኗል። መነሻ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ፋብሪካ ቅዳሜና እሁድ ለሚወዳደሩ አማተሮች የሚሸጥ መኪና እንድትሠሩለት ቀጥሯችኋል እንበል። ስለዚህ ዳኞቹ ፍጥነት ብቻ አይለኩም። ስንት ታወጣለች? ይህ ብረት ለምን ተመረጠ? ማን ይገዛታል? እያሉ ያፋጥጣሉ። ከ1000 ነጥብ 325ቱ የሚያልቀው ጎማዋ ሳይንቀሳቀስ ነው።

ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር ሳይክል ይመጣል፤ ከ710 ሲሲ መብለጥ አይችልም። እኔን የሚገርመኝ ግን አንዲት ቀዳዳ ናት። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር የሚስበው አየር በሙሉ 20 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ጉሮሮ ማለፍ አለበት። የአሜሪካዋን አምስት ሳንቲም፣ ኒክሏን፣ ብትሞክሩባት አታልፍም። አየሩ እዚያች ጉሮሮ ላይ የድምፅን ፍጥነት ከደረሰ በኋላ ፔዳሉን የቱንም ያህል ቢረግጡት ተጨማሪ አይገባም። ፍሉይድ ሜካኒክስ ላይ ለፈተና የተሸመደደችው ቀመር እዚህ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ተማሪው ፍጥነት ለማግኘት ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ክብደት ይቀንሳል፣ የአየር ማስገቢያውን ቅርጽ ያስተካክላል፣ ወይም መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫን ክንፍ ይገጥምላታል።

ከዚያ ፍተሻ ይመጣል። መኪናዋ በጎኗ 60 ዲግሪ ስትዘነብል ዘይትም ቤንዚንም ጠብ ማለት የለበትም። ነጂው ቀበቶውን ፈትቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ፍሬን ሲያዝ አራቱም ጎማዎች መቆለፍ አለባቸው። ይህን ያለፈች መኪና ነጥብ የሚበዛበትን የ22 ኪሎ ሜትር ሩጫ ትገባለች። መሐል ላይ ሞተር ጠፍቶ ነጂ ይቀየራል፤ የጋለ ሞተር መልሶ መነሣት አለበት። ዓመት ሙሉ ሌሊት የታደረባት መኪና አልነሣ ብላ እዚያው የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እርግጥ ከክፍል ውጭ ያለው ዕድል መኪና ብቻ አይደለም። ዳላስ ያለው ሳዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ቤቱን በ1925 ሲከፍት ተማሪው ክፍልና ሥራ ቦታ እየተፈራረቀ እንዲማር አድርጎ ነበር። ዛሬም ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዳላስ፣ ቤልና ሎክሂድ ማርቲን ፎርትዎርዝ አጠገባችሁ ናቸው። ከአገር ቤት በኤፍ-1 ቪዛ የመጣ ተማሪ ግን ሁለት ነገር ይወቅ፦ ሲፒቲ የሚባለው የሥራ ልምምድ ፈቃድ ሳይጻፍለት ከካምፓስ ውጭ ልምምድ እንዳይጀምር፣ ከመከላከያ ጋር የተያያዘ ሥራም አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ እንደሚጠይቅ። የመኪናው ቡድን ደመወዝ ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም።

ብየዳ አለማወቅ አያሳፍርም፤ ብዙዎቹ የሚለምዱት እዚያው ነው። ዎርክሾፑን በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ፈተናው ሳይከብድ ሂዱበት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ እኩለ ሌሊት ላይ እጁ በግሪስ ጠቁሮ ከመጣ ከመቆጣታችሁ በፊት ዛሬ የመኪናዋን የትኛውን ክፍል ሲሠራ እንዳመሸ ጠይቁት።