ናዳ የዘጋውን ሐዲድ በአነስተኛ ወጪ መክፈት

ባቡር ዋነኛ መገናኛ በሆነባቸው ተራራማ አካባቢዎች ናዳ ሲወርድ የሚቋረጠው የመንገደኞች ጉዞ ብቻ አይደለም፤ እህል፣ ነዳጅና መድኃኒትም ከመንገድ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ግዛት ዲማ ሀሳኦ አውራጃ የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት መንሸራተት የኒው ሃፍሎንግን ባቡር ጣቢያ በጭቃ ሞልቶ፣ በዚያ የቆሙ ፉርጎዎችን ገልብጧል። ወደ ትሪፑራ፣ ሚዞራምና ደቡባዊ አሳም የሚወስደው ይህ መስመር ዳግም የተከፈተው ከሁለት ወራት ገደማ በኋላ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሥራ ውድ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። ሐዲዱ ላይ የተከመረው አፈር ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ደግፎ ሊሆን ይችላል። ግርጌው ቀድሞ ከተዛቀ ሁለተኛ ናዳ ይከተላል፤ ወጪው ይደገማል፣ የሠራተኞችም ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ በቅድሚያ ከተዳፋቱ አናት በላይ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ጎን መመለስ ይገባል፤ ለዚህም ዶማና አካፋ ይበቃሉ። ቀጥሎ የላሉ ድንጋዮች ከላይ ወደ ታች ይነሣሉ። ተዳፋቱን ብቻ የሚከታተልና አደጋ ሲያይ በፊሽካ የሚያስጠነቅቅ ሰውም መመደብ አለበት።

ሌላው ከባድ ወጪ ማጓጓዣ ነው። መኪና በማይገባበት ስፍራ አዲስ መንገድ ከመጥረግ ይልቅ ያልተጎዳውን ሐዲድ መጠቀም ይቀላል። ቆፋሪው ማሽን በጠፍጣፋ ፉርጎ ተጭኖ ይመጣል፤ አፈሩም በፉርጎ ይወጣል። ከሐዲዱ በታች ባለው ገደል ወይም በወንዝ ውስጥ መድፋት ግን ለጊዜው ርካሽ ቢመስልም፣ የሐዲዱን መደብ ያናጋል፣ የውኃውንም መውረጃ ይዘጋል። ጠንካራው ድንጋይ ተለይቶ በሽቦ ሳጥን ቢደረደር ውኃ የሚያሳልፍ የድጋፍ ግንብ ይሆናል። ሐዲዱን የሸፈነው የመጨረሻው ንጣፍ በአካባቢው ነዋሪዎች ጉልበት በአካፋ ቢነሣ፣ ማሽን ብረቱን እንዳያጣምም ይረዳል፤ ለነዋሪዎቹም የሥራ ዕድል ይፈጥራል።

ሐዲዱ ስለታየ ብቻ ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። በጭቃ የታፈነው ጠጠር ውኃ ስለማያሳልፍ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮችም በዝግታ ማለፍ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ጥበቃ ነው። በምዕራብ ሕንድ በሚገኘው የኮንካን ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 አንድ ባቡር ሐዲዱ ላይ ከወደቀ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ከ50 ያላነሱ ሰዎች ሞተዋል። በመስመሩ በዝናብ ወራት ጠባቂዎች ሐዲዱን በእግር እየተመላለሱ ይፈትሻሉ፤ ዝናቡ በርትቶ እይታ ሲጋረድም ባቡሮች ፍጥነታቸውን በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር እንዲቀንሱ ይታዘዛል። ከክረምት በፊት የተጠረገ ቦይና በጊዜ የታየ ስንጥቅ የወራት መዘጋትን ሊያስቀሩ ይችላሉ።