የድርሰት ፍርድ ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ሐያሲ ቶማስ ራይመር በ1678 እ.ኤ.አ. ለአንድ አሳብ ስም አወጣለት፤ እኛም ስሙን «የድርሰት ፍርድ» ብለን መልሰነዋል። («ቅኔያዊ» ብንለው የጎጃም ባለቅኔዎች ሰምና ወርቁን አምጡ ይሉናል።) አሳቡ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት አሟልቶ ይዞታል።

ይኸውም በጎደለ ቁና እህል ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ተከሶ ቢታሰር ነገሩ ተራ ቅጣት ነው። ክፉ ቀን መጥቶበት እህል ሊሸምት ሲወጣ በዚያው ቁና ቢሰፈርለት ግን የድርሰት ፍርድ ይባላል። እንደዚሁም ጎርፍ ወደ ጎረቤቱ ማሳ የመለሰ ገበሬ በበሽታ ቢወድቅ አጋጣሚ ነው፤ ጎርፉ በቆፈረው ቦይ ዞሮ የራሱን አዝመራ ቢወስድበት ግን የእጁን አገኘ እንላለን። ሐማም የተሰቀለው ለመርዶክዮስ ባዘጋጀው ግንድ ላይ ነው። እንግዲህ የሚታየው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን ጥፋቱና ቅጣቱ በአንድ መሣሪያ መፈጸማቸው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቻቸውን ሊቀጡ ዘምተው በባላገሮቹ እጅ ይማረካሉ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ግን ያለ በደላቸው ይሞታሉ። ደራሲው ግፈኛውን በቁናው ሰፍረው ለንጹሓኑ ዋጋ አለመክፈላቸው መጽሐፉን ከተረት ያወጣው ይመስለናል።

መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የብቸናና የሞጣ ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ምክንያት በእውን ዐመፀ። መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚወሰድበት መስሎት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ይሁን እንጂ አዲስ ግብር ሊጨምር የተነሣው መንግሥት በመጨረሻ የቆየውን ውዝፍ ጭምር ማረ፤ ይህን ያለ ማመንታት የድርሰት ፍርድ እንለዋለን። በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የሆነው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት ከጎጃም ቢነሡም ኋላ በከፋ ተሾሙ፤ በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ ተነሥቶ አስወጣቸው። ደራሲ ቢሆን ኖሮ ይህን የሞጣ ሰው እንዲያደርገው ባደረገ ነበር። ቤቱ በቦምብ የነደደበት ገበሬ ደግሞ ውዝፉ ተማረለት እንጂ ቤቱን የሚክስ ቁና አልተሰፈረለትም።