64 ሰው፣ 8 ጠረጴዛ፣ 2 ቀን

ከሁለት ዓመት በፊት ያዘጋጀሁት የፑል ውድድር ያለቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በሐበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፤ ፈረንጁ 2 ሰዓት የሚለው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ፣ አንድ ወዳጄ ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፎ ስቴካውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ጥጉ ሄደ። ሦስት ወንበር ገጥመንላት የተኛችውን የ11 ዓመት ልጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ አቀፋት። ቤታቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ምግብ ቤቴ በመጣ ቁጥር ክትፎ ለብለብ የሚያዝ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እግሩ በሬን አልረገጠም።

ውድ አንባብያን፣ ዘንድሮ በጋ እንደገና ላዘጋጅ ነው። አሁን የምናስበው 64 አዋቂና 16 ልጅ ነው። በየከተማችሁ ማኅበር ያላችሁ፣ ለእድር ወይም ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ ተመሳሳይ ነገር የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የኮሌጅ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ግን ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልዘርዝር። ማስታወቂያው ላይ «ቅዳሜ በ3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ ጠዋት ማለት ነው። ግማሹ ሰው ጠዋት መጣ። ሌላው ግማሽ፣ በተለይ እዚህ ያደጉት ወጣቶች፣ ከሰዓት በኋላ በፈረንጁ 3 ሰዓት እንመጣለን ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ስልክ እየደወልን ሰው እስክንሰበስብ 7 ሰዓት ሆነ፤ የፈረንጁ 1 ሰዓት። አሁን ሁሉም ወረቀት ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ይስቃል፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥፋት ሰዓቱን ያሰላሁበት መንገድ ነው። 41 ሰው፣ በጥሎ ማለፍ። በጥሎ ማለፍ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሰው ስለሚያስወጣ፣ አንድ ሻምፒዮን እስኪቀር ከተጫዋቹ ቁጥር አንድ የሚያንስ ጨዋታ ያስፈልጋል። ስለዚህ 40 ጨዋታ። እያንዳንዱን 30 ደቂቃ ብዬ፣ በነበሩን 4 ጠረጴዛዎች አካፈልኩትና 5 ሰዓት አገኘሁ። ለእራት ቤታችን ነን አልኩ።

እንጀራ ጋግራ የምታውቅ ሴት ይህን ስህተት አትሠራም። አንድ ምጣድ በሰዓት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለች፤ ምጣዱን ደግሞ መቸኮል አይቻልም። እኛ የተጫወትነው ቀድሞ 5 ጌም ያሸነፈ በሚል ነበር። ይህ ማለት አንድ ግጥሚያ ከ5 እስከ 9 ጌም ሊሄድ ይችላል። ኋላ በስልኬ ስለካው የእኛ ሰዎች አንድ ጌም ለመጨረስ በአማካይ 7 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ኳስ መደርደሩንና ቀልዱን ጨምሮ። ስለዚህ አንድ ግጥሚያ ከ35 እስከ 63 ደቂቃ ነው፣ ለዕቅድ 50 ያዙት። ሌላው ነገር ጠረጴዛዎቹ ሁልጊዜ አይሞሉም። የመጀመሪያው ዙር 20 ግጥሚያ በ4 ጠረጴዛ አምስት ተራ ይወስዳል፤ ቀጣዩ 10 ግጥሚያ ሦስት ተራ፤ 5ቱ ሁለት ተራ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዙሮች እያንዳንዳቸው አንድ ተራ። ፍጻሜው ሲደረግ ሦስት ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል። በድምሩ 13 ተራ፣ በ50 ደቂቃ ሲባዛ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። የእኔ 5 ሰዓት የት ደረሰ! በዚያ ላይ ጭቅጭቁን ጨምሩበት።

ጭቅጭቁ የመጣው ከሦስተኛው ጥፋት ነው፣ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። 41 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ በየዙሩ ሰው ሲተርፍ ዕጣ አውጥተን አንዱን ሳይጫወት እናሳልፍ ነበር። 41 ሲሆን አንድ ተረፈ፣ 21 ሲሆን አንድ፣ 11 ሲሆን አንድ፣ መጨረሻ ላይ 3 ሲቀሩ እንደገና አንድ። ከአራቱ ዕጣ ሦስቱ ለአንድ ሰው ወጣ። ሰውየው ሁለት ሰው ብቻ አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። ያ ወዳጄ አራት ሰው አሸንፎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደክሞት አምስተኛውን ተሸነፈ። ማንም አላጭበረበረም። ዕጣው በሰው ፊት ነው የወጣው። ግን ሲያዩት ማጭበርበር ይመስላል፣ እኔም በወቅቱ የምመልሰው አልነበረኝም።

መፍትሔው ቀላል እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የተጫዋቹ ቁጥር 8፣ 16፣ 32 ወይም 64 ካልሆነ፣ ሳይጫወቱ የሚያልፉት ሁሉ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ማለቅ አለባቸው። 41 ሰው ካላችሁ ሰንጠረዡን የ64 አድርጉት። 64 ሲቀነስ 41፣ 23 ሰው ያለ ጨዋታ ያልፋል። የቀሩት 18 ሰዎች 9 ግጥሚያ ያደርጋሉ። 9 አሸናፊና 23፣ 32 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ ፍጻሜ ድረስ ማንም ተርፎ አይቀመጥም። ይህችን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ወዳጄ አይቀየመኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው እንምጣ። ሌላው የሰማሁት ቅሬታ «ሁለት ሰዓት ነድቼ መጥቼ በ25 ደቂቃ ተሸንፌ ወጣሁ» የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ሁለቴ የተሸነፈ ብቻ ይውጣ ብለናል። አንዴ የተሸነፈ ወደ ተሸናፊዎች መስመር ወርዶ እዚያ ይቀጥላል። ችግሩ 64 ሰው በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ከሄደ ቢያንስ 126 ግጥሚያ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ደግሞ ተመልካች አይረዳውም። በ2024 ጅዳ የተካሄደው የዓለም ፑል ሻምፒዮና ይህን የፈታበትን መንገድ በቴሌቪዥን አየሁ፤ ሳውዲ ያላችሁ ምናልባት በአካል አይታችሁት ይሆናል። 128 ተጫዋቾች ሁለቴ የተሸነፈ ይወጣል በሚል ጀመሩ፤ 64 ሲቀሩ ጥሎ ማለፍ ሆነ። እኛም ይህንኑ ቀዳን። ቅዳሜ ከ64 ወደ 16 እንወርዳለን፤ እሑድ 16ቱ በጥሎ ማለፍ ይጨርሱታል።

የቅዳሜው ሂሳብ ይኸው። በአሸናፊዎች መስመር 32፣ 16፣ 8 ግጥሚያ፤ በድምሩ 56። በተሸናፊዎች መስመር 16፣ 16፣ 8፣ 8፤ በድምሩ 48። ዘንድሮ የተከራየነው አዳራሽ 8 ጠረጴዛ አለው፣ ሁሉም 7 ጫማ የሚባሉት ትንንሾቹ ናቸው። ቁጥሮቹ ሁሉ ለ8 እኩል ስለሚካፈሉ አንድም ጠረጴዛ ባዶ አይቆምም። በአሸናፊዎች መስመር ቀድሞ 4 ጌም ያሸነፈ ያልፋል፤ ለአንድ ተራ 45 ደቂቃ ይበቃል፣ 7 ተራ ነው። በተሸናፊዎች መስመር ቀድሞ 3 ያሸነፈ፤ 35 ደቂቃ፣ 6 ተራ። ሁሉም ሲደመር 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምረን አንድ ሰዓት ለምሳ ካቆምን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። በዚህ አገር በጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ስለ ቀኑም ብዙ ተጨቃጭቀናል። ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ስላለ ያን ሳምንት አትንኩት፤ ሰው ሁሉ ኳሱ ጋ ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞች የቅዳሜ ምሽት ገቢያቸው ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በላይ አታቆዩአቸው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ረመዳን ላይ ከወደቀ የማፍጠሪያውን ሰዓት አስቀድማችሁ ባዶ ተዉት።

ልጆቹን ከአዋቂው አስበልጬ አስቤባቸዋለሁ። በእኛ ጊዜ አዲስ አበባ ፑል ቤት የገባ ልጅ ዱርዬ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። አባቴ አንድ ቀን ካራምቡላ ጠረጴዛ ዳር አግኝቶኝ በጆሮዬ እየጎተተ ነው ቤት ያደረሰኝ። (ስቴካም ካራምቡላም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት መሆናቸውን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ይወዱታል።) ስለዚህ እናቶች «ልጄን ፑል ቤት?» ሲሉኝ አልፈርድባቸውም። እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ መጠጥ አይሸጥም፣ በገንዘብ መወራረድ አይፈቀድም፣ ያየነው ሰው ይወጣል። የመግቢያ ክፍያና የሽልማት ገንዘብ ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ እናንተም በየአካባቢያችሁ ጠይቁ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ልጅ በጥሎ ማለፍ አይጫወትም። ተሸንፎ አልቅሶ ከገባ ስቴካ ዳግመኛ አይነካም። 16ቱን በአራት ምድብ ከፍለን በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል፤ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ። አንደኛ ከሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከአራተኛ፤ ቀጥሎ አንደኛ ከሦስተኛ፣ ሁለተኛ ከአራተኛ፤ ከዚያ የቀሩት። አንድ ምድብ ሁለት ጠረጴዛ ስለሚይዝ አራቱም ምድብ በ8 ጠረጴዛ አብረው ይጫወታሉ። ግጥሚያው ሁለት ጌም ነው። ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። እሑድ 7 ሰዓት ጀምረው 8 ሰዓት ይጨርሳሉ፣ ግማሽ ሰዓት ሳምቡሳ ይበላሉ፣ ከዚያ አዋቂው ይጀምራል። የየምድቡ አሸናፊዎች ግማሽ ፍጻሜ የሚያደርጉት አዋቂዎቹ ሩብ ፍጻሜ ሲጫወቱ ባዶ በሚሆኑት ጠረጴዛዎች ላይ ነው። የልጆቹን ፍጻሜ ግን ከአዋቂው ፍጻሜ በፊት ለብቻው አደረግነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ እንዲያይላቸው።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ኳሱን የሚበትነው ተራ በተራ ይሁን፤ ያሸነፈ ይበትን ካላችሁ ጎበዙ ሌላውን ስቴካ ሳያስይዘው ሊጨርስ ይችላል። ባለፈው አራተኛ ድረስ የወጡትን በሰንጠረዡ አራት ሩቦች በትኗቸው፣ ሌላውን በሰው ፊት በዕጣ ደልድሉ። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የአማተሮች ሊግ ጎበዙ ብዙ ጌም፣ ጀማሪው ጥቂት ጌም እንዲያሸንፍ የሚያደርግ ደረጃ አለው። እኛም አስበን ነበር፤ ግን በምዝገባው ላይ «ምን ያህል ትችላለህ?» ስንል ሁሉም «ኧረ እኔ ጀማሪ ነኝ» አለ። ተውነው። 10 ደቂቃ ያረፈደ አንድ ጌም ያጣል፣ 15 ያረፈደ ግጥሚያውን ይሸነፋል። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ሁለተኛ ዕድል ስላለው ያን ያህል አይጎዳም።

ጠረጴዛ አጠገብ በእጅ አይበላም። ይህን የምለው ወጥ ሸጬ የምኖር ሰው ነኝ! ያለፈው ጊዜ አንዱ ጠረጴዛ ጨርቅ ላይ የቅቤ ጣት አሻራ ቀርቶ ከኪሴ ከፍያለሁ። ምሳው በሌላ ክፍል ነው፣ የእጅ መታጠቢያው በሩ ላይ።

ሌላው፣ ሰንጠረዡን የሚይዝ ሰው አይጫወትም። ባለፈው እኔ ራሴ እየተጫወትኩ ነበር ስም የምጠራው። ዘንድሮ ልጄ ላፕቶፕ ይዞ ይቀመጣል፣ ትልቁ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ውጤቱን ሁለቱም ተጫዋቾች መጥተው ይፈርማሉ።

ያን ወዳጄን ባለፈው ወር ደወልኩለት። ሂሳቡን ሁሉ፣ የ41ንም የ64ንም፣ በስልክ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አለኝ። «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9» አልኩት። «አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው። ማክሰኞ ዕለት ልጄ ምዝገባውን ሲያሳየኝ ሁለት ስም ተጨምሯል፤ አንዱ በአዋቂዎች፣ አንዱ በልጆች፣ ዕድሜ 13።