ዜሮዎቹ ወዴት ገቡ?

የመታወቂያ ቁጥሩ 00742 ነው። መዝጋቢዋ አምስቱንም አኃዝ አስገብታ «አስቀምጥ» የሚለውን ትጫናለች። መልሳ ስትከፍተው ግን የሚጠብቃት 742 ነው። ዳታቤዙ አልተሳሳተም። ዓምዱ ሲፈጠር «ቁጥር» ተብሎ ስለነበር እንደ ቁጥር ቆጠረው፤ ከፊት የቆመ ዜሮ ደግሞ ለቁጥር ምንም አይጨምርለትም።

ነገሩ የሚገለጠው ዋጋንና አጻጻፍን ለይተን ስናይ ነው። 742 እና ፯፻፵፪ አጻጻፋቸው ለየቅል ነው፤ ዋጋቸው ግን አንድ። የቁጥር ዓምድ የሚይዘው ዋጋውን ብቻ ነው፤ በኮምፒውተሩ የዜሮና የአንድ አቆጣጠር 1011100110 አድርጎ። የጽሑፍ ዓምድ የሚይዘው አጻጻፉን ነው፤ «7»ን በ55፣ «4»ን በ52፣ «2»ን በ50 ኮድ፣ ፊደል በፊደል። እንግዲህ ቁጥርን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ማለት ዋጋውን አንብቦ በአኃዝ እንደገና መጻፍ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ትእዛዝ ካስት ይባላል፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው የዳታቤዝ ቋንቋ የኤስኪውኤል መስፈርት ውስጥ ተደንግጓል። 742ን «ቫርቻር (ማለትም ጽሑፍ) አድርገው» ቢባል «742» ይሰጣል። የጠፉት ዜሮዎች ግን አይመለሱም፤ ከዋጋው ውስጥ አልነበሩምና። እነሱን ለመመለስ ኤልፓድ የሚባለውን መጥራት ያስፈልጋል፦ «አምስት እስኪሆን ከግራ በዜሮ ሙላ»። እሱም ቢሆን መዘዝ አለው። 123456ን አምስት ቦታ ላይ እንዲያሰፍር ቢታዘዝ የመጨረሻውን አኃዝ ቆርጦ 12345 ይሰጣል፤ ምንም ሳይናገር።

ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለው ዳታቤዝ የራሱ ጠባይ አለው። 1234 ሦስት ቦታ ብቻ ባለው ቫርቻር ውስጥ አልገባ ሲለው አንዲት ኮከብ (*) አስቀምጦ ያልፋል፤ ይህ እንኳ ቢያንስ ያስጠረጥራል። የባሰው ከኤክሴል መጥቶ ፍሎት (ባለነጥብ ቁጥር) ሆኖ የገባ ዓምድ ነው። 123456789 የሚል የደረሰኝ ቁጥር በካስት ሲለወጥ «1.23457ኢ+008» ሆኖ ይወጣል፤ ከኢ ወዲያ ያለው «በአስር ስምንት ጊዜ አባዛ» ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ አኃዞች ቀልጠዋል። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ቢግኢንት (ትልቅ ሙሉ ቁጥር) ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው።

ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ደግሞ ቱቻር በሚለው ትእዛዝ ዜሮዎቹን ሲሞላ፣ ለመቀነስ ምልክት ብሎ ከፊት አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል። ዓይን አያየውም፤ ባዶ ቦታ ያለውና የሌለው መታወቂያ እኩል ናቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ «አይደሉም» ነው።

ታዲያ ሁሉንም ጽሑፍ ብናደርገውስ? ያኔ ሰልፉ ይፋለሳል፦ 100፣ 20፣ 9። ጽሑፍ እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ስለሚደረደር አንድ ከሁለት፣ ሁለት ከዘጠኝ ይቀድማል።

መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህን ይደምሩታል ወይ? ደመወዝ ይደመራል። የሁለት ሰው ስልክ ደምሮ የሚያውቅ ግን የለም። የእኛ የእጅ ስልክ 09 ወይም 07 ብሎ ይጀምራል፤ በቁጥር ዓምድ ዜሮው ይቀራል። በ251 ከጀመረ ደግሞ 12 አኃዝ ይሆንና የተለመደው የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) ዓምድ ጣሪያ፣ 2,147,483,647፣ አይችለውም። ስልክም መታወቂያም በአኃዝ የተጻፈ ስም ነው። የመዝጋቢዋ ዓምድ ከጅምሩ ቫርቻር ቢሆን ኖሮ ዜሮ ፍለጋ ባልተኬደ ነበር።