ዘይት የሚበላ መኪና፦ «ሞተሩ ይከፈት» ከመባሉ በፊት

አጎቴ ደውሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሊከፈት ነው» ሲለኝ ዘመድ ሆስፒታል የገባ ነው የመሰለኝ። የሚከፈተው የመኪናው ሞተር ነበር። ለእሱ ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ የ2003 ሞዴል ኮሮላው ተሳፋሪ እየጫነች የአምስት ሰው ቤት ታስተዳድራለች። ዘይት ሊቀይር ጋራዥ ሲገባ ከሞተሩ የወጣው ዘይት ከግማሽ በታች ሆነ። መካኒኩ የማርሚታውን ጫፍ በጣቱ ጠረግ አድርጎ ጥቀርሻውን አሳየውና «ፋሻ ጨርሷል፣ ይከፈት» አለ። ምርመራው ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ዩኒቨርሲቲ እያለን ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈውን ተምረን ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ ያሳያል፤ ሰውየው በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። ጋራዥ ግን ከዚያም ይብሳል ባይ ነኝ። በሽታውን የሚነግራችሁም መድኃኒቱን የሚሸጥላችሁም አንድ ሰው ነው። መካኒኮች ሌቦች ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ሞተር አንዴ ከተከፈተ ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ሂሳቡም እየጨመረ ነው የሚሄደው። ተሸጦ ይተካ እንዳይባል ደግሞ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ የተከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫውም ነገር ሌላ ሆነ። ስለዚህ «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። «አንቺ የተማርሽው ኢኮኖሚክስ ነው ወይስ መካኒክ?» አለኝ፤ ግን ሰጠኝ።

መጀመሪያ ያደረግነው መለካት ነው። «ዘይት ይበላል» ስንል ስንት? አዲስ ዘይት ሞልተን ኪሎ ሜትሩን በስልክ ፎቶ አነሳን። ከዚያ በየሦስት ቀኑ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ መለኪያውን አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ከትቶ ፎቶ። የቆመችበት ቦታ ዘንበል ካለ ልኬቱ ይዋሻል። ውጤቱ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ሆነ። ይህ ብዙ ነው። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ የካምሪ ባለቤቶች ዘይት ይበላል ብለው ሲያማርሩ በሙከራው የተጠቀመበት መስመር በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር የሚጠጋ ነበር። ከዚያ በላይ ከበላች ችግር አለ ማለት ነው።

የኮሮላዋ ሞተር የሚይዘው ወደ 3.7 ሊትር ነው። አጎቴ የሚቀይረው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ በመሀል ባይጨምር ኖሮ ሳይደርስ ባዶ ነበር። «ቀይ መብራት አልበራም እኮ!» ይላል። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ያ መብራት የሚያሳየው የዘይቱን ግፊት ነው፣ መጠኑን አይደለም። ዘይት በማነሱ ከበራ ሞተሩ ደርቆ መፋጨት ጀምሯል፤ ያኔ ወዲያው ማጥፋት ነው እንጂ «ቤት ልድረስ» የለም።

የጠፋው ዘይት ወይ ይፈሳል ወይ ይቃጠላል። ለመፍሰሱ ካርቶን ከስር ዘርግተን አሳደርን፤ ጠዋት ሁለት ጠብታ ብቻ ነበር። ከላይ ከክዳኑ ጓርኒሲዮን የመጣች ናት፣ አንድ ሊትር አታክልም። ስለዚህ ይቃጠላል።

የት? እዚህ ላይ ጭሱ ይናገራል፣ መቼ እንደሚወጣ ካያችሁት። ሰማያዊ ጭስ ጠዋት ሲነሳ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ሌሊቱን በቫልቮቹ ጎማ በኩል የተንጠባጠበ ዘይት ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ እየበዛ ከሄደ ወደ ፋሻ ያመዝናል። እኛ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ነዳጅ ሳንረግጥ በማርሽ ወረድንና ታች ስንደርስ ረገጥን። እኔ ከኋላ በሌላ መኪና ሆኜ ስቀርጽ ነበር (አጎቴ እስካሁን ይስቅብኛል)። ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ያኔ ቦግ ይል ነበር። ቪዲዮው ላይ ምንም የለም። ግን ጭስ አለመታየቱ ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ማርሚታው አካባቢ ያለው የጭስ ማጣሪያ ደህና ከሆነ ጥቂት ዘይት ሳይታይ ይቃጠላል። አራቱን ካንዴላ ስናወጣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዘይት ነክቷቸዋል። አንዱ ብቻ ቢረጥብ ችግሩ የአንድ ፒስተን ነው እንል ነበር።

ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስደን የሞተሩን እመቃ አስለካን። መካኒኩ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ወርዷል፣ ይከፈት።» እዚህ ጋ ተከራከርኩ። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። መታየት ያለበት አራቱ እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ነው። የእኛዎቹ ተቀራራቢ ነበሩ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገን ስንደግመውም ብዙ አልጨመረም፤ ፋሻው አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ ይዘል ነበር።

ታዲያ እመቃው ደህና ሆኖ ዘይቱን ምን በላው? ፒስተን ላይ ሦስት ፋሻ አለ። የላይኞቹ ሁለቱ እመቃ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ዘይት ይጠርጋል። የአጎቴ ሞተር ከ«ዜድዜድ» ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ቀደምት ፒስተኖች የተጠረገው ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በጥቀርሻ ይደፈናሉ፤ ከ2005 ገደማ በኋላ ፒስተኑ ተሻሽሏል። የዘይቱ ፋሻ ሲጣበቅ እመቃ ሳይወርድ ዘይት ይበላል። «ሃያ ሃምሳ አድርግበት» የሚሉት ወፍራም ዘይትም የተጣበቀን ፋሻ አያላቅቅም።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር፤ ፒሲቪ የሚባለው የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ። አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ነቅላችሁ ስታወዛውዟት ካልተንኳኳች ተጣብቃለች። የእኛዋ ዝም አለች። ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝተን ቀየርናት፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮንም አብረን። በቀጣዩ ልኬት አንድ ሊትር የሚያልቀው በ1,700 ኪሎ ሜትር ሆነ።

አልዳነችም፣ ግን ሂሳቡ ተቀየረ። አጎቴ በወር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ይህ በዓመት 18 ሊትር የሚጨመር ዘይት ነው። ሞተሩን ለመክፈት የተጠራልን ዋጋ ከ80 ሊትር በላይ ይገዛል። ካንዴላ ቶሎ ቶሎ መቀየሩን፣ የጭስ ማጣሪያው እያደር መጎዳቱን ብንደምርበት እንኳ አሁን መክፈት አያዋጣም። ጭሱ ለከተማው አየር ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለእሱ መልስ የለኝም።

አሁን ኮፈኑ ውስጥ ሳይሆን የዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ሊትር ዘይት አይጠፋም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የመለኪያው ፎቶ በቴሌግራም ይደርሰኛል፣ እኔ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ከ1,000 በታች ከወረደች እንከፍታታለን ተባብለናል፤ ለዚያም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጠ ነው። የባለፈው ሰኞ ንባብ 1,650 ነው።