ስም ሳይወጣላቸው የሚጠፉ ቀንድ አውጣዎች

ለዛሬ ስለ አንድ ትንሽ እንስሳ ላጫውታችሁ ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ከግቢያችን አጥር ሥር ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ አገኘን። እንዲህ ዓይነቱን ስናገኝ ምን እንደምናደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጨው እንነሰንስበታለን። እኔም ነሰነስኩ፣ አልዋሽም። ተኮማተረ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ሞተ። እኛም ሳቅን።

በማግስቱ ለሳይንስ ቲቸራችን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ለመሆኑ ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። «ቀንድ አውጣ ነዋ!» አልኩ። «እሱማ የሁሉም ስም ነው። አንተን ‹ሰው› እያልኩ ብጠራህ ደስ ይልሃል?» አሉኝና፣ «በል፣ በባሕር ጨው ውስጥ የሚኖሩ ቅርፊት የሌላቸው ቀንድ አውጣዎችም አሉ። ስለነሱ አንብብና ለሚኒ ሚዲያ ጻፍ» ብለው አዘዙኝ። ያነበብኩት ይኸውላችሁ።

የት ይኖራሉ?

እነዚህ ቀንድ አውጣዎች በብዛት የሚገኙት በማንግሩቭ ደን ውስጥ ነው። ማንግሩቭ ማለት በሞቃት አገሮች፣ ባሕርና የብስ በሚገናኙበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። አገራችን የባሕር ዳርቻ ስለሌላት እኛ ጋ የለም። ለኛ ቅርብ የሆነው በቀይ ባሕር ዳር፣ በኤርትራና በጅቡቲ ያለው ነው። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ የዛፎቹን ሥር ይሸፍናል፤ ሲጎድል ጭቃው ይገለጣል። ጭቃው ውስጥ በቂ አየር ስለሌለ አንዳንዶቹ ዛፎች ሥራቸውን እንደ እርሳስ ወደ ላይ አሹለው ይተነፍሱበታል።

ባሕሩ ሲጎድል ኦንኪዲዴ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች ወጥተው በጭቃው ላይ ይሄዳሉ። ጀርባቸው ኪንታሮት ያለበት ይመስላል፤ መልካቸውም ራሱን ጭቃውን ነው። ባሕር ዳር ቢኖሩም እንደኛ አየር ነው የሚተነፍሱት። የሚገርመው ደግሞ፣ አንዳንዶቹ ከቀንዳቸው ጫፍ ሌላ ጀርባቸው ላይም ትናንሽ ዓይኖች አሏቸው!

ጨዉ ለምን አይገድላቸውም? የግቢያችን ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ጨዉ ትንሽ ነው። ጨው ስንነሰንስበት ውሃው ከሰውነቱ ወደ ጨዉ ይወጣል፤ ስለዚህ ደርቆ ይሞታል። የማንግሩቮቹ ግን ሰውነታቸው ከባሕር ውሃ ጋር የተላመደ ነው።

አዲስ ዝርያ እንዴት ይገኛል?

እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ አንድ ሰው በድንገት ያየና «አገኘሁ!» ብሎ የሚጮህ ነበር። እንደዛ አይደለም። በአሜሪካ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቤንዋ ዴራ፣ ትሪሻ ጎልዲንግና ከእስያ አገሮች የተባበሯቸው ተመራማሪዎች ለዓመታት በእነዚህ እንስሳት ላይ ሠርተዋል። ሥራው በደረጃ እንዲህ ነው፦

1ኛ. ባሕሩ ሲጎድል ጭቃው ውስጥ ገብቶ መፈለግ። በጭቃው ላይ፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ፣ በሥሮች መካከል ይፈለጋል።

2ኛ. በሕይወት እያለ ፎቶ ማንሳት። አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሰውነቱም ይኮማተራል።

3ኛ. ከሥጋው ቁራሽ ወስዶ ዲኤንኤውን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሰውነት መመሪያ ነው።

4ኛ. የውስጥ አካሉን በማይክሮስኮፕ ማየት። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። በውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ውስጣቸው ሲታይ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። ተማሪ በዩኒፎርሙ ብቻ ተለይቶ እንደማይታወቅ ማለት ነው።

5ኛ. የድሮ መዝገብ ማየት። ምናልባት ከመቶ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ስም አውጥቶለት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ደንቡ ቀድሞ የወጣው ስም ይጽና ነው የሚለው። ስለዚህ በሙዚየም የተቀመጡትን አሮጌ ናሙናዎች ማየት ግድ ነው።

6ኛ. በእርግጥ አዲስ ከሆነ ስም አውጥቶ፣ መልኩን ዘርዝሮ ጽፎ ማሳተም። ስሙ የተሰጠበት እንስሳ ራሱ በሙዚየም ይቀመጣል፤ ወደፊት የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ማየት ይችላል።

ስማቸው እንዴት ይጻፋል?

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን በሙሉ በሁለት ቃል ጠራቸው። የኛም ስም ሁለት ነው፤ የራሳችንና የአባታችን። የእንስሳቱ ግን ይገለበጣል፤ የወገናቸው ስም ይቀድማል፣ የራሳቸው ይከተላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1800 ፍራንሲስ ቡካናን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በቤንጋል ያገኘውን «ኦንኪዲየም ታይፌ» ብሎ ሰየመው። ኦንኪዲየም የወገኑ ስም ነው። ታይፌ ደግሞ እንስሳው ከተገኘበት የረግረግ ተክል የመጣ ነው፤ ተክሉ የኛ ፊላ ዘመድ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝርያዎች በዚሁ በኦንኪዲየም ሥር ዝም ብለው ተከማቹ። እነ ቤንዋ ዴራ ናቸው አንድ በአንድ የለዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሜላዮንኪስ የተባለ አዲስ ወገን ከ4 አዳዲስ የማንግሩቭ ዝርያዎች ጋር አሳወቁ። በ2018 ደግሞ ዋላኮንኪስ የሚባለውን፣ 10 ዝርያ ያለውን ሌላ የባሕር ዳር ወገን አሳወቁ። ከ10ሩ 5ቱ ድሮ ስም ወጥቶላቸው የተረሱ ነበሩ፤ 5ቱ ግን ፈጽሞ አዲስ ናቸው። ዋላኮንኪስ የተባለው በዚያ አካባቢ እንስሳትን ያጠና ለነበረው ለእንግሊዛዊው አልፍሬድ ራስል ዋላስ መታሰቢያ ነው።

ታዲያ እኛ ምን አገባን?

ይህን ጥያቄ ጓደኛዬም ጠይቆኛል። መልሴ ይኼ ነው። የማንግሩቭ ደን ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ፣ ለከሰልና ለእርሻ ሲባል በብዙ አገር ተጨፍጭፏል። ደኑ ሲቆረጥ ዓሦች የሚራቡበት ቦታ ይጠፋል፣ የባሕር ዳር ሰዎችም ማዕበል የሚከላከልላቸውን አጥር ያጣሉ። ቀንድ አውጣዎቹም አብረው ይሄዳሉ። አንድ እንስሳ ስም ካልወጣለት ሲጠፋ እንኳ የሚያውቅለት የለም፤ እንጠብቀው ለማለትም ማንን እንደምንጠብቅ ማወቅ አለብን።

የግቢያችንስ ቀንድ አውጣ? ቲቸርን «አሁን እርስዎ ስሙን ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔም አላውቀውም» አሉኝ። ገደልኩት እንጂ አላየሁትም ማለት ነው። ስንት ቀንድ እንዳለው ብትጠይቁኝ እንኳ አልመልስም ነበር።

ስለዚህ ከክበባችን ጋር ተማክረን «የግቢያችን እንስሳት» የሚል ደብተር ከፍተናል። ደብተሩ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ጠረጴዛው ላይ ነው። ያያችሁትን እንስሳ ሳትገድሉ ሣሉት፤ ቀኑን፣ የት እንዳገኛችሁት፣ ቀለሙንና ርዝመቱን በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። እኔ እስካሁን ሦስት ቀንድ አውጣ ሥያለሁ። የአንዳቸውንም ስም ገና አላገኘሁም፤ የሚያውቅ ካለ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍልኝ።

በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል