ዳሌ ሲሰበር ስንት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል?

ወጣት ሲወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ግን አዳልጧቸው በጎናቸው ከወደቁ መነሳት ሊያቅታቸው ይችላል። ብሽሽታቸውን ካመማቸውና እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት መጠርጠር አለበት። ዳሌ ተሰበረ ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ነው፤ ወይ አጥንቱ በብረት ይታሰራል፣ ወይ በሰው ሠራሽ አካል ይተካል።

ታዲያ መቼ ይሠራ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አዛውንቶችን ለሞት የሚያበቃቸው ስብራቱ ብቻ አይደለም፤ መተኛቱም ጭምር ነው። ሳይንቀሳቀሱ ሲተኙ ደም እግር ውስጥ ይረጋል፣ ሳንባ ምች ይከተላል፣ ጀርባ ይቆስላል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል።

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት 42,230 ሕሙማንን የተመለከተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በጤናቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ሲያነጻጽሩ፣ ሆስፒታል ከደረሱ ከ24 ሰዓት በላይ ከጠበቁት ውስጥ በ30 ቀን የሞቱት 6.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀድመው ከተሠራላቸው ግን 5.8 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በሺህ ሲቆጠር ግን የሰባት ሰው ነፍስ ነው።

"እንግዲያው በጣም ቢፈጥንስ?" ትሉ ይሆናል። ይሄም ተሞክሯል። በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ በ17 አገሮች 2,970 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን ስብራቱ ከታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው በ24 ሰዓት ገደማ ተሠራለት። በ90 ቀን ውስጥ ከመጀመሪያው 9፣ ከሁለተኛው 10 በመቶ ሞቱ። ይህ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ሆኖም ቶሎ የተሠራላቸው ቶሎ ቆመው ሄደዋል። አእምሮ ተምታቶባቸው የቃዡትም 9 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 12 በመቶ ነበሩ።

ከሁለቱ ጥናቶች የምንረዳው፣ አንድ ቀን ሳይሞላ መሥራቱ ጥሩ መሆኑን ነው። ከዚያ በታች የሚደረገው ጥድፊያ ሕይወት ለማትረፉ ማስረጃ ባይገኝም ሥቃይ ይቀንሳል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ቀድሞ መዘጋጀት ሊያስፈልገው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥበቃ በቂ ምክንያት አለው። ወረፋ ወይም የቤተሰብ ማመንታት ግን ምክንያት አይሆንም።

እኛ ቤት ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። የተሰበረ ዳሌ ግን በመታሸት አይድንም። ስለዚህ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ወድቀው መቆም ካቃታቸው "እስቲ እስከ ነገ እንይ" ማለቱ ቀርቶ፣ እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሐኪሙንም "ኦፕራሲዮኑ መቼ ነው? የሚዘገየውስ ለምንድነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።